በእግር አምላክ

የመጀመሪያውን ሌባ ያየሁት በስድስት ዓመቴ ነው። ዳዳቻ ይባላል። ረጅም ነው፤ ሲራመድ የሚቸኩል አይመስልም፣ ግን ይደርሳል። በትሩን ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ ሁለት እጆቹን በትሩ ላይ አንጠልጥሎ፣ ከላሞቹ ኋላ ኋላ ይመጣል። ሌባ መሆኑን ማንም በሹክሹክታ አልነገረኝም። አክስቴ ስንቄ በጋ በመጣ ቁጥር ከጫካዋ ጫፍ ቆማ፣ ከነገሌ ገበያ የሚመለሰው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ለራሱ ለዳዳቻ ትነግረው ነበር።

አባቴ ወታደር ነው። እናቴ በሞተች በዓመቱ ወደ ዶሎ ጠረፍ ሲዛወር፣ እኔን ነገሌ ቦረና ከምትኖረው እህቱ ዘንድ ትቶኝ ሄደ። ስንቄ የባሻ ጥሩሰው ሚስት ነበረች፤ አሁን ግን የባሻ ጥሩሰው ጫካ ብቻ ናት የቀረቻት። ባሻ፣ ጣሊያን ከወጣ በኋላ፣ ለአገልግሎቱ ሩብ ጋሻ የጥድ ጫካ ተሰጥቶት ነበር፤ ከከተማው ወጣ ብሎ በክብረ መንግሥት መንገድ ላይ፣ መካከሉ ላይ በጋ የማያደርቀው ምንጭ ያለበት። ከዚያ መሬቱን የሰጡት ሹም ተዛወሩ፣ ባሻን ወባ ገደለው፣ ወረቀቱን ምስጥ በላው። ምስጡ፣ እንደ አክስቴ አነጋገር፣ ከማኅተሙ ነው የጀመረው።

ስሟም ራሱን የቻለ ጉድ ነው። ከመንዝ ስትመጣ ይዛው የመጣችው ስም የመንገድ ምግብን የሚያስታውስ፣ የእናት አንጀት ያወጣው ስም ነበር። ጉጂዎች ዘንድ ግን ስንቄ ማለት ያገባች ሴት የምትይዛት በትር ናት። በተጣሉ ወንዶች መካከል ያቺ በትር ከተዘረጋች፣ የቱንም ያህል ቢቆጡ ተሻግረዋት አያልፉም። አክስቴ ይህን የሰማች ዕለት፣ «እናቴ ነገሌ እንደምኖር ማን ነግሯት ይሆን?» አለች ይባላል።

እንግዲህ የዳዳቻን ድፍረት ከዚህ ተነስታችሁ ገምቱት።

የጦር ሰፈሩ ሴቶች ጭራሮ ለመልቀም ሲገቡ አክስቴ ዝም ነው። መጥረቢያ ካላየች ከመቀመጫዋ አትነሳም። ዳዳቻ ሲገባ ግን፣ ያውም ሁልጊዜ በገበያ ቀን፣ ሁልጊዜ ረፋዱ ላይ መንገዱ በሰው ሲሞላ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ታጥቃ ትወጣለች።

«አንተ ዳዳቻ! አንተ ዓይነ ደረቅ! የማን ጫካ መሰለህ?»

«የስንቄ!» ይላል ዳዳቻ፣ ከሷ ጮክ ብሎ።

«የማን ሚስት ስንቄ?»

«የባሻ ጥሩሰው!»

«እያወቅህ ነው የገባህ?»

«ኤዬ! እያወቅሁ!»

«እማኝ ሁኑልኝ! ሰምታችኋል! በሕግ አምላክ! ቁም!»

ዳዳቻ ይቆማል። አቋቋሙ ግን ልዩ ነው። ሊራመድ ያነሳው እግር ካለ እንደተነሳ ይቀራል፤ ሽመላ ይመስላል። ከገበያ የሚመለሱት ሰዎች አህዮቻቸውን አቁመው ያያሉ፣ ይስቃሉ፣ ስማቸውን ለእማኝነት ይሰጣሉ። እኔ ደግሞ እንዲህ ቶሎ የሚያምን ሌባ በዓለም ላይ ይኖር እንደሆነ እደነቃለሁ። በኋላ ፍርድ ቤት ይሄዳሉ። ዳኛው ዳዳቻን ይመክሩታል፣ ይገሥጹታል፣ ሁለተኛ እንዳይገባ ያስጠነቅቁታል። በዓመቱ ይገባል።

ምን አቆመህ ሲሉት መልሱ አንድ ነው፤ «በእግር አምላክ አለችኝ፣ ቆምኩ።»

አማርኛውን እኔም አጠፋው ነበር፤ ከእሱ ተቀብዬ። የእግር አምላክ የሚባል፣ ሥራው እግር ማስቆም ብቻ የሆነ፣ አነስተኛ ሥልጣን ያለው አምላክ አለ ብዬ አምን ነበር። የዚያን ዓመት አውራ ጣቴ ላይ ሙጀሌ ሲገባብኝ፣ ታላቁን አምላክ በትንሽ ነገር ላለማስቸገር ብዬ፣ አቤቱታዬን በቀጥታ ለእግር አምላክ አቀረብኩ። አክስቴ በመርፌ አወጣችልኝ። ምስጋናው ግን ለእሱ ሆነ።

ስምንት ዓመት የሞላኝ በጋ ነው ነገሩ የከረረው። አንድ ጠዋት ውሃ ልቀዳ ወደ ምንጩ ስወርድ ሁለቱን አየኋቸው። አክስቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች፣ ሌባው ፊት ለፊቷ ቁጢጥ ብሏል። እንስራዬን አቅፌ ጥድ ኋላ ተሸሸግሁ።

«ናጋ?» አለች አክስቴ በኦሮምኛ ሰላምታ።

«ናጋ። ዘንድሮ ስንት ይግቡ?»

«አምና ስድስት ነበሩ። ዘንድሮ አሥራ አምስት ያድርጓቸው፣ ኦቦ ዳዳቻ። ስድስት ላም ዳኛ አያስቆጣም።»

«አሥራ አምስት ብዙ ነው። ዘጠኝ?»

«አሥራ አምስት። ሰውዬው መጥቷል።»

«የቱ?»

«የመጋዙ። ግራዝማች ቢረሳው። ጫካውን ጠፍ ነው ብሎ አጽፎታል።»

«ጠፍ ምንድን ነው?»

«ሰው የሌለበት መሬት።»

ዳዳቻ ወደ ምንጩ አየ፣ ወደ ላሞቹ አየ፣ ወደ አክስቴ አየ። «እኛስ?»

«እኛማ አለን። ወረቀት ላይ ነው የሌለነው። አንቱም ካልመሰከሩልኝ ሰኔ ሳይብት አንድ ጥድ አይተርፍም፤ ጥዱ ከሄደ ምንጩም ይሄዳል።»

ዳዳቻ፣ «እንግዲያ አዴ ስንቄ፣ ደህና አርገሽ ስደቢኝ» አለ። «አምና ለስለስ ብለሽ ነበር። ሰው ‹ታመመች ወይ› አለኝ።»

«ጉንፋን ይዞኝ ነበር እኮ።»

ከዚህ ሁሉ የገባኝ አንድ ነገር ነው፤ ጦርነት ታውጇል። አክስቴ ሌባውን «ወንድ ከሆንክ አሥራ አምስት ይዘህ ና» ብላዋለች። አንቱ ማለቷም አላደናገረኝም። እኔንም አርፍጄ ስተኛ፣ «እሜቴ እሙሽ፣ ይነሱ እንጂ፣ ፀሐይዋ ደጅ ትጠብቅዎታለች» ትለኝ ነበር። አንቱታ የስድብ ሁሉ ቁንጮ መሆኑን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ።

ከዚህ በኋላ አሥራ አምስት ዓመት ቆይቶ፣ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ሳጠና፣ አንድ ፈረንጅ መምህር ይዞታ ስለሚባለው ነገር ሦስት ወር ሙሉ አስተማረን። ሰው መሬት ለመያዙ ማስረጃው ወረቀት ብቻ አይደለም፤ ጎረቤቱ ይዞታውን ሲያከብር፣ ደፋሪውን በአደባባይ ሲከለክል፣ ሕዝብ ሲያየው፣ ያም ማስረጃ ነው አለ። ሰሌዳው ላይ ሲጽፍ እኔ መሳቅ ጀመርኩ። «ምን ያስቅሻል?» አለኝ። ያክስቴን ሌባ እንዴት አድርጌ በእንግሊዝኛ ልንገረው? የመንዝ ሴት፣ ፊደል ሳትቆጥር፣ ይህን ትምህርት ከምንጭ ዳር ተቀምጣ ከአንድ ላም ጠባቂ ጋር ጨርሳው ነበር። ወረቀቷን ምስጥ ቢበላው፣ ሌላ ወረቀት ለማጻፍ የመንግሥት ሹም ደጅ አልጠናችም። ሌባ ቀጠረች። በየዓመቱ ከሰሰችው፣ በየዓመቱ አመነላት፣ በየዓመቱ ፍርድ ቤቱ «የስንቄ ጫካ» ብሎ ጻፈ። ፍርዶቹንም ምስጥ በማይደፍረው የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ቆለፈችባቸው።

በስምንት ዓመቴ ግን ይህን አላውቅም፤ ግራዝማች ቢረሳውንም በጣም ወደድኳቸው። በጭነት መኪና ነው የመጡት። አራት መጋዝ ሳቢዎችና ከእኔ ቁመት የሚረዝሙ ሁለት መጋዞች ይዘዋል። ጢማቸው ተበጥሯል፣ ድምፃቸው ማር ነው። ከረሜላ ሰጡኝና ጫካውን አብሬአቸው ዞርኩ። እያንዳንዱን ጥድ በመዳፋቸው መታ መታ ያደርጉታል።

«ይህ ሁለት በር ነው» ይላሉ። «ይህ ቁም ሣጥን። ይህ... ይህ ቀጭን ነው፣ የመስኮት ክፈፍ ይሁን። ኧረ ይህስ! ይህ የጳጳስ አልጋ ነው!»

እኔ የማየው ዛፍ ብቻ ነበር። ከዛፍ ውስጥ አልጋ የሚታየው ሰው ምን ያህል ብልህ ቢሆን ነው አልኩ በልቤ። እንዲህ ያለ ትልቅ ሰው ከመጣልን ሌባውም አለቀለት። ይህንን ተስፋዬን ለአክስቴ ስነግራት ከረሜላውን ከአፌ አስተፋችኝ፤ እኔም ጥርሴ እንዳይበላሽ አስባልኝ ነው አልኩ።

በዚያው ሳምንት የገበያ ቀን ዳዳቻ አሥራ አምስት ላሞች ነድቶ ገባ። አክስቴ የዚያን ቀን የተሳደበችው ስድብ ነገሌ ውስጥ ለዓመታት ሲጠቀስ ኖሯል፤ እዚህ አልጽፈውም፤ አሳታሚዬ ቤተሰብ ያለው ሰው ነው። የሰበሰበችው እማኝ አሥራ አንድ ነበር፤ ከመካከላቸው ሁለቱ መጋዝ ሳቢዎች ናቸው፣ ስድቡ ጥሟቸው ስማቸውን ራሳቸው አስመዘገቡ።

ፍርድ ቤቱ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ አንድ ክፍል ነው። ዳኛው አቶ ሙሉነህ ይባላሉ፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የሚፈልጉ ሽማግሌ ናቸው። የስንቄ ክስና የግራዝማች የመሬት ጥያቄ ባንድ ቀን እንዲታይ ተደርጓል። ከመግባታችን በፊት ግራዝማች ዳዳቻን ወደ ግድግዳው ጥግ ወሰዱት። እኔም ሌባ ሲመከር ልይ ብዬ ተጠጋሁ።

«ስማኝ» አሉት በማር ድምፃቸው። «ስትጠየቅ ‹ጠፍ ነው፣ ባለቤት የለውም፣ ድሮም ዝም ብለን እንገባለን› በል። እውነት አይደለም እንዴ? አባትህስ ይገባ አልነበረም?»

«ይገባ ነበር።»

«ታዲያ? ጠፍ ከሆነ አንተ ጥፋት የለብህም። ነፃ ትወጣለህ። ላሞችህም እንደ ልባቸው ይግጣሉ። የሷ ነው ካልክ ግን፣ ሦስት ጊዜ ተመክረህ የተመለስክ ወንጀለኛ ነህ። ወህኒ ነው።»

ዳዳቻ ፂሙን ዳበሰ። «ዛፉስ?»

«ዛፉ ላንተ ምን ይሠራልሃል? ላም ጥድ አትበላ!»

«ላም ውሃ ትጠጣለች» አለ ዳዳቻ።

ገባን። አክስቴ ሳጥኗን ከፍታ ሦስቱን ፍርዶች አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ዳኛው አገላብጠው አዩ። ግራዝማች ሳቁ።

«ጌታዬ፣ ይህ እኮ የሴትና የእረኛ ጨዋታ ነው። ወረቀት የለሽ ሴት፣ ከወረቀት የለሽ ሰው ጋር ተካስሳ ባለመሬት ትሁን? ሰውዬውን ይጠይቁልኝ። ራሱ ይናገር።»

አክስቴ ወደ ዳዳቻ አላየችም። የነጠላዋን ጥለት በጣቷ እየጠቀለለች፣ መሬት መሬት ታያለች። ሰው እንዲህ አቀርቅሮ የሚያየው ሲፈራ ነው ብዬ እኔ በንዴት ልፈነዳ ነበር። እውነትም ፈርታ ኖሯል። ሦስት ዓመት የሠራችው ሥራ ሁሉ አሁን በአንድ ሰው አፍ ላይ ነው፤ ያም ሰው እውነቱን ከተናገረ እንደሚታሰር፣ ቢዋሽ ነፃ እንደሚወጣ ታውቃለች። ዝም ብሎ የአባቱን ጫካ «ጠፍ» ቢል ማን ይፈርድበታል?

«አንተ» አሉ ዳኛው። «ላሞችህን ያስገባኸው የማን ጫካ ነው?»

«የስንቄ።»

«የሷ መሆኑን በምን አወቅህ?»

«በየዓመቱ ታስቆመኛለች።»

«ምን ብላ?»

«በእግር አምላክ ብላ።»

ቤቱ ሳቀ። ዳኛውም ከንፈራቸውን ነከሱ። «በሕግ አምላክ ማለትህ ነው።»

«እንጃ፣ ጌታው። እናንተ ጋ ሕግ ይሆናል። እኔ ጋ ግን የቆመው እግሬ ነው። ጠፍ መሬት ላይ እግር አይቆምም፣ ዝም ብሎ ይሄዳል። እኔ ጣሊያን ሳለም በዚህ አገር ስዞር ማንም አላስቆመኝም። እዚያ ጫካ ግን እቆማለሁ። ባለቤት ባይኖረው ማን ያስቆመኛል?»

ዳኛው መነጽራቸውን ከግንባራቸው ላይ አገኙትና አጠለቁ።

«እያወቅህ ነው የገባህ?»

«እያወቅሁ።»

«አራት ጊዜ?»

«የቆጠራችሁት እናንተ ናችሁ።»

«ይህን ማለትህ እንደሚያሳስርህ ታውቃለህ?»

ዳዳቻ ወደ ግራዝማች ራሱን አዘነበለ። «ጌታው ነግረውኛል። ደህና አድርገው ነው ያስረዱኝ።»

ፍርዱ አጭር ነበር። ለግራዝማች የተጻፈላቸው ጠፍ መሬት ነው፤ ይህ ጫካ ደግሞ ሦስት ጊዜ በዚሁ ችሎት የስንቄ ተብሎ የተፈረደበት፣ ደፋሪው ራሱ ያመነበት ነውና ጠፍ ሊባል አይችልም። ዳዳቻ ምክር ስላልሰማ አንድ ወር ይታሰር፤ ወደ ጫካውም እንዳይገባ። ግራዝማች መጋዞቻቸውን አስጭነው በዚያው ቀን ሄዱ። ከረሜላዬ ሄደ ብዬ አዘንኩ።

ዳዳቻን ፖሊስ ይዞት ሲወጣ ግን ሐዘኔን ረሳሁት። ድንጋይ አነሳሁና «ሌባ!» ብዬ ወረወርኩበት። ቁርጭምጭሚቱን መታው። ዞር ብሎ አየኝና ለፖሊሱ፣ «ዓይኗ ደህና ነው፣ ጅብ ታባርራለች» አለው። አክስቴ ጆሮዬን ይዛ እስከ ቤት ወሰደችኝ። ዒላማዬ ዝቅ በማለቱ ተቆጥታ መሰለኝ።

የዚያን ወር አክስቴን ያላየ ሰው ምንም አላየ። በማግስቱ ማለዳ ወደ ዳዳቻ ሰፈር ሄደች፤ ሚስቱ አራስ ነበረች፣ ልጆቹ ገና እንጭጭ ናቸው። ላሞቹን ተረከበችና ወደ ጫካዋ ነዳቻቸው። የባሻ ጥሩሰው ሚስት፣ ለቤተ ክርስቲያን እንጂ ለሌላ ጉዳይ ፈጥና የማትራመድ ወይዘሮ፣ ነጠላዋን አገልድማ በኦሮምኛ ላም ስትነዳ! ኦሮምኛዋ መንዝኛ ነበር። ላሞቹ የመጀመሪያውን ሳምንት ምን እንደምትላቸው ስላልገባቸው ቆመው ያዩዋት ነበር፤ በሁለተኛው ሳምንት እነሱም ለመዱት። ላሞቹን ወርሳቸዋለች አልኩ፤ ደስ አለኝ። «ዳኛው እንዳይገባ ያሉት ዳዳቻን ነው» ትላለች ለሚጠይቃት ሰው። «ላሞቹ ስማቸው አልተጠራም።»

ከታለበው ወተት የልጆቹን ለቤታቸው ትታ፣ የቀረውን በየቀኑ ይዛለት ወህኒ ቤት ትሄዳለች። የገዛ ላሞቹን ወተት እያጠጣች የምትቀልድበት መስሎኝ፣ በቀሏ ጥልቀት ተገረምኩ።

ዛሬ ስጽፈው የሚገርመኝ ሌላ ነው። ከእነሱ አንዳቸውም ስለ ውለታ ሲያወሩ አልሰማሁም። አንዱ ታሰረ፣ አንዷ ላም ጠበቀች። ሥራ ተከፋፈሉ ማለት ነው።

ወሩ ሲሞላ ዳዳቻ ተፈታ። በቀጥታ ወደ ጫካው መጣ፤ ነገር ግን አልገባም። ወሰኑ ላይ፣ ጣቶቹን ከመጀመሪያው ጥድ ሥር አስተካክሎ ቆመ። አክስቴ ላሞቹን እየነዳች አወጣችለት። በዓይኑ ቆጠረ፤ አሥራ አምስት። ከኋላ ደግሞ፣ እግሯ ገና የሚንቀጠቀጥ፣ ጉንጯ ነጭ የሆነ ጥጃ። ምንጩ ዳር ነው የተወለደችው።

«ይቺን መልሻት» አለ ዳዳቻ።

«እንዴት እመልሳታለሁ? የላምዎ ልጅ ናት።»

«መሬትሽ ላይ ተወለደች። ሣርሽን በልታ፣ ውሃሽን ጠጥታ፣ አንቺ አዋልደሻት። ያንቺ ናት።»

«የሰው ጥጃ አልቀማም።»

«የሰጠሁትን አልወስድም።»

«አልቀበልም ብያለሁ እኮ!»

«ናቅሽኝ?»

«አንቱ ናቁኝ እንጂ! ደመወዝ ሊሰጡኝ ነው? እኔ እረኛዎ ነኝ?»

ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። መንገዱ ላይ እማኝ የሚሆን አንድም ሰው አልነበረም። አክስቴ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ፊቷን አዞረች። ዳዳቻ ላሞቹን ነድቶ ጥጃዋን ትቷት ሄደ። ጥጃዋ በሁለቱ መካከል ቆማ ጮኸች፣ እናቷ ተመለሰች፣ ዳዳቻም እናቲቱን ሊያመጣ መመለስ ግድ ሆነበት፤ ግን መግባት አይችልም። አክስቴም አላወጣችለትም። እስኪመሽ ድረስ እሱ በወሰኑ ወዲያ፣ እሷ በወሰኑ ወዲህ፣ ጀርባቸውን ተሰጣጥተው ተቀመጡ።

በሕይወታቸው በእውነት የተጣሉት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ዘጠኝ ቀን አልተነጋገሩም። ሽማግሌ ገብቶ፣ ጥጃዋ የዳዳቻ እንድትሆን፣ አድጋ ስትወልድ የመጀመሪያው ጥጃ የስንቄ እንዲሆን ተበይኖ ነው የታረቁት።

እኔ ግን በአምስተኛው ቀን የጦር ሰፈሩን ጸሐፊ ለምኜ ለአባቴ ዶሎ ደብዳቤ አስጻፍኩ። ደብዳቤውን አባቴ አኑሮት ኖሮ አሁን እጄ ላይ ነው። እንዲህ ይላል፦ «አባዬ፣ እንደምን ሰንብተሃል። እኛ ደህና ነን። ሌባው ከታሰረ ወዲህ ጨዋ ሆኗል። ከአክስቴም ጋር ሰላም አውርደዋል፤ ስድብ የለም፣ ጩኸት የለም፣ ቀኑን ሙሉ ዝም ተባብለው ይውላሉ።»